ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሴት ልጆቻችንን ጉልበት ስለ መጠበቅ

(ይህ ንግግር በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ነው። ተናጋሪዋ አባላችን በዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞች ጉዳት መከላከል ላይ የድኅረ ምረቃ ጥናቷን በመሥራት ላይ ትገኛለች። የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የጉባኤው አዘጋጆች እንድናገር ሲጋብዙኝ «የምታጠኚውን ነገር እኛ በምንነጋገርበት ቋንቋ አስረጂን» ብለውኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የማጠናው በዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞች ላይ የሚደርስ ጉዳትን እንዴት ማስቀረት እንደሚቻል ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው «የዶክተር ሥራ አይደለም ወይ?» ይለኛል። ዶክተር የተጎዳውን ያክማል። የእኛ ሥራ ከዚያ በፊት ይጀምራል። ጉዳቱ በማን ላይ፣ ስንት ጊዜ፣ በምን ሁኔታ እንደሚደርስ እንቆጥራለን። ምክንያቱን እንፈልጋለን። ማስቀሪያ ዘዴ እንሞክራለን። ከዚያም ቀንሶ እንደሆነ ለማየት እንደገና እንቆጥራለን። ይህን አራት ደረጃ ያለው አካሄድ ቪለም ቫን ሜኸለን የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1992 ጽፈውታል፤ እስከ ዛሬም የሙያችን መመሪያ ሆኖ ያገለግላል። በአገራችን አነጋገር ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ ወደዚህ ማኅበር ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ማኅበራችን ሰው ሲሞት፣ ሲታመም፣ ከሥራ ሲወጣ ለመድረስ የተቋቋመ ነው፤ ይህንንም በሚገባ ይሠራል። ግን ዙሪያችንን እንመልከት። ቅዳሜ ጠዋት ሴት ልጅን ኳስ ሜዳ የማያደርስ ቤተሰብ ከመካከላችን ስንት አለ? ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በበጋ በሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ዝግጅት ላይ ለማየት የምንሄደው ወንዶቹን ነው፤ አጠገባችን ተቀምጠው የሚያዩት ሴቶች ልጆቻችን ግን በየትምህርት ቤታቸው ተጫዋቾች ናቸው። ከእነርሱም በስፖርት ስኮላርሺፕ ዩኒቨርሲቲ የገቡና ለመግባት የሚደክሙ አሉ። የእነዚህ ልጆች የትምህርት ዕድል፣ የወላጆቻቸውም ተስፋ፣ በአንድ ጉልበት ላይ የቆመ ነው።

ጉልበት የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። በእኛ ቋንቋ የእግር መገጣጠሚያውም ጉልበት ነው፤ ኃይልም ጉልበት ነው። በጉልበቱ የሚያድር፣ ጉልበቱ የከዳው፣ የጉልበት ሥራ እንላለን። ጉልበት ሲሄድ ምን አብሮ እንደሚሄድ አባቶቻችን በቃሉ ውስጥ አስቀምጠውልናል።

አሁን ወደ መገጣጠሚያው ልግባ። በጉልበታችን ውስጥ የጭንን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያስሩ ሁለት ጅማቶች በመስቀል ቅርጽ ተሻግረው ይገኛሉ። የፊተኛው ስሙ በአጭሩ ኤሲኤል ይባላል። ርዝመቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከትንሿ ጣታችን አይበልጥም። ሥራው ግን ከባድ ነው። ስንዘልና ስንዞር የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና እንዳይጠማዘዝ ይይዛል።

ይህ ጅማት ሲበጠስ ብዙ ሰው የሚያስበው ሌላ ተጫዋች መትታት ነው። አይደለም። ከአሥር ጉዳት ሰባት የሚሆነው ማንም ሳይነካት የሚደርስ ነው። ልጅቷ ዘላ ስታርፍ፣ በሩጫ ላይ ድንገት ስትቆም ወይም አቅጣጫ ስትቀይር ነው። እግሯ መሬት ሲነካ ጉልበቷ ቀጥ ብሎ ከነበረና ወዲያው ወደ ውስጥ ከተሰበረ ጅማቱ ይበጠሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እግር መሬት ከነካ በኋላ በአንድ ሰከንድ ሃያኛ ገደማ ጊዜ ውስጥ ነው። አስባ ልታርመው አትችልም። ሰውነቷ አስቀድሞ የለመደውን ነው የሚያደርገው። የመከላከያው ምሥጢርም እዚሁ ላይ ነው፤ ሰውነት የተሻለ ልማድ እንዲኖረው አስቀድሞ ማስተማር ይቻላል።

ብዙዎቹ በሚበጠስበት ጊዜ «ቷ» የሚል ድምፅ እንደሰሙ ይናገራሉ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጉልበቱ ያብጣል። የተበጠሰ ጅማት እንደ አጥንት ስብራት ታስሮ አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም። ወደ ስፖርት መመለስ የምትፈልግ ልጅ ብዙውን ጊዜ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፤ ከራሷ ሰውነት ሌላ ጅማት ተወስዶ ይተካላታል። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ወርና ከዚያ በላይ ልምምድ ይጠብቃታል።

አሁን ስለ ሴቶች ልናገር። በአሜሪካ በትምህርት ቤቶች ለሴቶችና ለወንዶች እኩል ዕድል እንዲሰጥ የሚያዘው ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ በ1972 ወጣ። ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳ የሚወጡ ሴቶች ቁጥር በጣም አደገ። ኤንሲኤኤ የተባለው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ከ1982 ጀምሮ ጉዳቶችን በየጊዜው መመዝገብ ያዘ። በ1995 ኤሊዛቤት አሬንትና ራንዳል ዲክ ከ1989 እስከ 1993 ያለውን መዝገብ መርምረው ውጤቱን አወጡ። በአንድ ዓይነት ስፖርት፣ ለተመሳሳይ የልምምድና የጨዋታ ብዛት ሲሰላ፣ የሴት እግር ኳስ ተጫዋቾች የኤሲኤል ጉዳት ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በቅርጫት ኳስ ደግሞ አራት እጥፍ ገደማ ነበር።

ይህን ቁጥር ስናገር የምፈራው አንድ ነገር አለ። «ድሮስ ሴት ልጅን ኳስ ምን አገናኛት?» የሚል ሰው ማስረጃ አገኘሁ ብሎ እንዳይነሣ ነው። እንዲህ ያለውን ንግግር እኛ ሁላችን ሰምተን አድገናል። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ በኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። ከዚያ ወልዳ ተመልሳ በ2000 ሲድኒ ላይ ደግማ አሸነፈች። የሴት ሰውነት ለስፖርት አልተሠራም የሚለው ክርክር እኛ ዘንድ ከተዘጋ ቆይቷል።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ተመራማሪዎች ብዙ ነገር አንሥተዋል። የዳሌ ስፋት፣ ጅማቱ የሚያልፍበት የአጥንት ክፍተት ጥበት፣ በወር አበባ ዑደት የሚለዋወጡ ሆርሞኖች ተጠንተዋል። እነዚህን መለወጥ አንችልም። ግን ልንለውጣቸው የምንችላቸው ነገሮች ደግሞ አሉ። ልጅቷ ዘላ የምታርፍበት ሁኔታ፣ የኋላ ጭኗና የመቀመጫዋ ጡንቻ ጥንካሬ፣ ድካም፣ ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ በስንት ዓመቷ እንደተጀመረላት፣ የምትጫወትበት ሜዳ፣ ለወንድ እግር ተሠርቶ ለእርሷ ያነሰ ቁጥር የተገዛላት ጫማ፣ የቡድኗ ባለሙያ ብዛት። ወንድሟ በአሥራ አራት ዓመቱ ክብደት ማንሻ ቤት እንዲገባ ሲበረታታ እርሷ «ትወፍሪያለሽ» ተብላ ከቀረች፣ ልዩነቱን የፈጠረው ተፈጥሮ ብቻ አይደለም።

ደስ የሚለው ዜና መከላከያው መኖሩ ነው። ጥናቶቹን ባጭሩ ልንገራችሁ።

በ1999 ቲሞቲ ሂውዌትና ባልደረቦቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተከታተሉ። ዝላይና አስተራረፍ የሠለጠኑ ሴቶች አሉ፤ ያልሠለጠኑም አሉ። ባልሠለጠኑት ላይ የደረሰው ከባድ የጉልበት ጉዳት ከሠለጠኑት 3.6 እጥፍ ነበር። በ2005 ደግሞ ከ14 እስከ 18 ዓመት ባሉ የደቡብ ካሊፎርኒያ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ የተደረገ የሁለት ዓመት ጥናት ታተመ። ልዩ የሰውነት ማሟሟቂያ በሠሩት ልጆች ላይ የኤሲኤል ጉዳት በመጀመሪያው ዓመት በ88 በመቶ፣ በሁለተኛው በ74 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በኖርዌይ በ2008 የወጣው ትልቅ ጥናት 125 ክለቦችን ያካተተ ነበር፤ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ጠቅላላው ጉዳት በሲሶ ያህል፣ ከባድ ጉዳቱ ደግሞ በግማሽ ገደማ ቀነሰ።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመጣ፣ በ2008 የታተመ ጥናት 61 የሴት እግር ኳስ ቡድኖችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን ያንኑ ማሟሟቂያ አሠራ። በጠቅላላው የኤሲኤል ጉዳት በሠሩት ቡድኖች ላይ አነስ ብሏል፤ ይህ ልዩነት ግን በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም ለማለት የሚያበቃ አልነበረም። በልምምድ ሰዓት የደረሰው ብቻ ሲታይ ግን ካልሠሩት ስድስት ልጆች ጅማታቸው ተበጥሷል፤ ከሠሩት አንድም የለችም። እኔ ይህን ጥናት ደጋግሜ የማነበው ለጥንቃቄው ነው። ያገኙትን ሳያጋንኑ ጽፈውታል። ለወንዶችም ይጠቅማል፤ በ2015 የወጣ ጥናት ፊፋ 11 ፕላስ የተባለውን ማሟሟቂያ የሠሩ የኮሌጅ ወንድ እግር ኳስ ተጫዋቾች ጉዳታቸው በ46 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ወንድ ልጅ ያላችሁም ጆሯችሁን አትንፈጉኝ።

ማሟሟቂያው ምንድን ነው? ውድ ማሽን አይፈልግም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚፈጅ፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚሠራ ነው። ቀስ ብሎ ወደ ፊት፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ በመሮጥ ይጀምራል። ቀጥሎ ጡንቻ የሚያጠነክር ነው፦ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት፣ አንድ እግር ወደ ፊት አስረዝሞ ዝቅ ማለት፣ ተንበርክኮ ጓደኛ ቁርጭምጭሚትን ይዛልሽ ወደ ፊት ቀስ ብሎ መውረድ። ይህ የመጨረሻው የኋላ ጭንን ያጠነክራል፤ የኋላ ጭን ጡንቻ ደግሞ ለዚያ ትንሽ ጅማት ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ የቅልጥም አጥንትን ወደ ኋላ ይስብለታል። ከዚያ በአንድ እግር ሚዛን ጠብቆ መቆም፣ በመጨረሻም ዝላይና ድንገተኛ መታጠፍ ይመጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው አሠራሩ ነው። ስታርፍ ጉልበቷ ይታጠፍ፤ ጉልበቷ በእግር ጣቶቿ ትይዩ ይሁን፣ ወደ ውስጥ አይግባ፤ በእግሯ ፊት አርፋ ወደ ተረከዟ ትውረድ። ለትንንሾቹ የምንላቸው «እንደ ድመት ውረዱ፤ ድምፃችሁ እንዳይሰማ» ነው። እናንተም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጆሯችሁ ልትፈትኗቸው ትችላላችሁ።

«ይህን ያህል ርካሽና ጠቃሚ ከሆነ ሁሉም ቡድን ይሠራዋል ማለት ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይሠራውም። የእኔ ጥናት የገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። መድኃኒቱ እያለ ለምን አይዋጥም የሚል ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዤ በሜዳ ዳር እቀመጣለሁ፤ ማን የትኛውን እንቅስቃሴ ሠራ፣ በትክክል ሠራ ወይስ ለወጉ፣ ማን አረመ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ ብዬ እመዘግባለሁ። ከዚያ ተጫዋቾቹንና አሰልጣኞቹን አነጋግራለሁ።

ከሜዳ ዳር የሚታየው ይህ ነው። አሰልጣኝ ሜዳው የተሰጠው ለተወሰነ ሰዓት ስለሆነ ደቂቃው ይቆጨዋል። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀነሰው ማሟሟቂያው ነው። በውድድሩ ዘመን መጀመሪያ ሁሉም በትጋት ይሠራል፤ ወደ መጨረሻው ሰውነት ሲደክምና በጣም ሲያስፈልግ ይተዋል። ተጫዋቾቹ እያወሩ ይሠሩታል፤ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ እየገባ ማንም አያርማቸውም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅን «እንዳትጎጂ ሥሪው» ብትሏት አትሰማችሁም፤ የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። «ከፍ ብለሽ ትዘያለሽ፤ የመጀመሪያውን እርምጃ ትቀድሚያለሽ» ስትሏት ግን ትሠራዋለች። ደግሞም እውነት ነው፤ ጥንካሬው ለሁለቱም ይጠቅማል። የቡድኑ አምበል ራሷ ከፊት ቆማ የምታሠራበት ቦታ ልማዱ ይቆያል። አሰልጣኙ ስልኩን እያየ ከቆመ ግን ይሞታል። ስለዚህ ጥያቄው የሳይንስ ብቻ አይደለም፤ ማን ይመራል፣ ማን ያያል፣ ማን «ጎበዝ» ይላል የሚል የሰው ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ዕቁብና ዕድር ሳይቋረጥ የምታስኬዱ እናንተ ናችሁ።

አሁን ስለ ማዕድ ልናገር፤ ይህ የእናንተ ግዛት ስለሆነ በትሕትና ነው። ጉዳት ሁሉ በዝላይ አይመጣም። ብዙ እየሮጡ ጥቂት የሚበሉ ልጆች አጥንታቸው ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች በ2014 ለዚህ ሁኔታ ሬድ ኤስ የሚል ስም ሰጥተውታል፤ ሰውነት ለእንቅስቃሴው የሚበቃ ምግብ ሳያገኝ ሲቀር የሚመጣ ችግር ማለት ነው። አንዱ ምልክት የወር አበባ መቅረት ነው። ሴት ልጃችሁ «ስፖርት ስለምሠራ ቀረልኝ፤ ተገላገልሁ» ካለቻችሁ ደስ አይበላችሁ። ሰውነቷ ስንቅ አነሰኝ እያለ ነው፤ አጥንቷም አብሮ እየሳሳ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ትይ። ይህን ጥያቄ ወንድ አሰልጣኝ አይጠይቃትም፤ እርሷም አትነግረውም። እናት ወይም ታላቅ እኅት ብትጠይቃት ግን ትናገራለች።

ሁለተኛው የብረት ማነስ ነው። የወር አበባ የምታይና ብዙ የምትሮጥ ልጅ በቀላሉ ይገጥማታል። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን ብረት አላቸው፤ ሎሚ ወይም ቲማቲም ሲጨመርበት ሰውነት የተሻለ ይወስደዋል። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ይይዙታል። ስለዚህ ቡናችንን አንተው፤ ለእርሷ ግን ከማዕዱ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቅላት። ድካም ሲበዛባት «ሰነፈች» ከማለት በፊት የደም ምርመራ ይደረግላት።

ሦስተኛው ጾም ነው። ዐቢይ ጾም የሚውለው ልምምድ በሚከብድበት ጊዜ ነው፤ ረመዳንም እንደየዓመቱ በውድድር ጊዜ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጹሚ ወይም አትጹሚ ማለት የእኔ ሥራ አይደለም። የእኔ ምክር ሦስት ነው። አንደኛ፣ ልጅቷ አትደብቀው፤ ለአሰልጣኟና ለቡድኑ ባለሙያ ትንገራቸው፤ ልምምዱን ሊያሸጋሽጉላት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ በተፈቀደላት ሰዓት የሚበቃ ምግብና ውኃ ታግኝ፤ ሽሮ በትንሽ እንጀራ ለሁለት ሰዓት ሩጫ አይበቃም፤ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ ይጨመርላት። ሦስተኛ፣ ከታመመች ወይም ከተጎዳች ከንስሐ አባቷ ወይም ከሃይማኖት መምህሯ ጋር ትመካከር። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው።

ጉዳት ከደረሰስ? በአገራችን ወጌሻ ትልቅ ሰው ነው። ስቴዲየም ውስጥ እንኳ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ባለሙያ ወጌሻ እንለዋለን። ወለምታ ያሹልን፣ ውልቃት የመለሱልን ብዙ ናቸው፤ ክብራቸው አይነካም። ግን «ቷ» ብሎ ወዲያው ያበጠ ጉልበት አይታሽም፤ አይጎተትም። ልጅቷ ጨዋታውን አቁማ ትውጣ፤ ሐኪም ይያት፤ ካስፈለገም ኤም አር አይ ትነሣ። «ትንሽ ስለሆነ እስኪያልቅ ልጫወት» ያለች ልጅ ጅማቱ ላይ ሌላ ጉዳት ትጨምራለች።

ከኦፕራሲዮን በኋላም ችኮላ አይረዳም። በ2016 ከኖርዌይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር እንደገና የመጎዳት ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በሌላ በኩል በ2004 የታተመ የስዊድን ጥናት ጅማታቸው ተበጥሶ የነበረ ሴት እግር ኳስ ተጫዋቾችን ከ12 ዓመት በኋላ መርምሯል። አማካይ ዕድሜያቸው 31 ነበር። ግማሾቹ በራጅ ሲታይ የጉልበት መገጣጠሚያቸው አልቋል፤ የሽማግሌ ጉልበት ሆኗል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በነርሲንግ ሆም አሥራ ሁለት ሰዓት ቆማችሁ የምትሠሩ አላችሁ። ጉልበት ሲያምም ቆሞ መዋል ምን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም። ያን ሕመም በሠላሳ አንድ ዓመቷ ለልጃችን አናውርሳት። የእኔም ሥራ፣ የዛሬውም ንግግር፣ ለዚህ ነው።

አንድ የወረቀት ጉዳይ ልጨምር። የኤንሲኤኤ ደንብ ስፖርተኛ ልምምድ ከመጀመሯ በፊት ኢንሹራንስ እንዳላት ዩኒቨርሲቲው እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። በብዙ ቦታ ግን መጀመሪያ የሚከፍለው የቤተሰቡ ኢንሹራንስ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው የቀረውን ይሸፍናል። ስለዚህ ልጃችሁ ከመፈረሟ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፦ መጀመሪያ የሚከፍለው ማን ነው? ከኪሳችን የምናወጣው የመጀመሪያው ገንዘብ ስንት ነው? ከተመረቀች በኋላ ሕክምናው ለምን ያህል ጊዜ ይቀጥላል? ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደስ ነው ወይስ የብዙ ዓመት? ስኮላርሺፕ በተሰጠበት ዘመን ውስጥ በጉዳት ምክንያት ሊነጠቅ እንደማይችል በዲቪዥን አንድ ደንብ ተደንግጓል። ይህን ሳያውቁ ልጃቸው ከተጎዳች በኋላ የተጨነቁ ወላጆች አጋጥመውኛል። እንግሊዝኛቸው ስለማይበቃ ሳይሆን፣ መጠየቅ እንደሚቻል የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ በቅዳሜው የልጆች እግር ኳስ ላይ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የማሟሟቂያ ይሁን። ለስድስት ሳምንት እኔ በነፃ መጥቼ አሠራለሁ። ግን የምፈልገው እኔ ከሄድሁ በኋላ የሚቀጥል ነገር ነው። ስለዚህ ከታላላቆቹ ልጆች አራት፣ ከእናቶች ሁለት ይመደቡልኝ። ስፖርት አውቃለሁ ማለት አያስፈልግም፤ ዓይን ያላትና «እኅቴ፣ ጉልበትሽ ገባ» ማለት የማታፍር እናት ትበቃለች።

ሁለተኛው፣ ከመረዳጃው ገንዘብ ጎን ትንሽ የስፖርት ጉዳት ድጋፍ ይከፈት። በእግሯ ልክ ጫማ ላጣች፣ የኤም አር አይ ድርሻዋን መክፈል ላቃታት፣ ኢንሹራንሷ የፈቀደላት የፊዚካል ቴራፒ ቀን ላለቀባት ልጅ ይሁን። ደጋፊዎቻችንን የምለምነው ለዚህ ነው። ማሟሟቂያው ራሱ ጥቂት ምልክት ማድረጊያ ኮንና ኳስ እንጂ ሌላ ወጪ የለበትም። ገንዘቡ የሚያስፈልገው ተጠንቅቀንም ለሚደርስብን ነው፤ መከላከል ጉዳትን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

ሦስተኛው፣ አብሮ የሚሄድ ሰው ይኑር። ለሐዘን ቤት ተራ እንደምናወጣ፣ ልጇ ለተጎዳች እናትም አንድ ሰው ይመደብላት። ሐኪም ቤት አብራት ትቀመጥ፤ የኢንሹራንስ ደብዳቤውን ታንብብላት። ለልጅቷም ከዚያ በፊት ያለፈችበት ልጅ ትደውልላት። ዘጠኝ ወር ረጅም ነው። ቡድኑ ያለ እርሷ ሲጫወት ማየት ከኦፕራሲዮኑ የባሰ ያማል የሚሉ ልጆች አነጋግሬአለሁ። ብቻቸውን እንዳይሆኑ ማድረግ ደግሞ ማኅበራችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ሥራ ነው።

ስም የሚመዘግቡ እኅቶች በበሩ አጠገብ ወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ። ማሟሟቂያውን ማየት የሚፈልግ ካለም እዚሁ ወንበሩን ገፋ አድርገን እናሳያለን፤ ለእናንተም ጉልበት ይጠቅማል።